የመንገድ ርቀትና የመሥሪያ ቤት ርቀት፤ ስለ ኢሉባቦር ቡና ምርምር

ዕውቀት በአንድ ሰው ልቡና ብቻ ተወልዶ፥ በአንድ ቤትም ብቻ አድጎ ለአገር የጠቀመበት ጊዜ እምብዛም አይገኝም። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይፈጽመዋል፤ አንዱ በዐይኑ ያየውን ሌላው በሚዛን ይመዝነዋል፤ ሦስተኛውም ጽፎ ለትውልድ ያቈየዋል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለታቸው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ሎሚውን የሚካፈሉት ሰዎች በአንድ ቀዬ የማይኖሩ፥ ይልቁንም ለተለያየ አለቃ የሚታዘዙ በሆኑ ጊዜ፥ ጌጥ የነበረው ተመልሶ ሸክም ይሆናል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚመረምረው ይህንኑ ነው፤ ተመራማሪዎችን ከተመራማሪዎች የሚለያቸው የመንገዱ ርዝመት ነውን? ወይስ የመሥሪያ ቤቶቻቸው ሥርዐት ልዩነት? ምሳሌ አድርገን የምናቀርበውም በኢሉባቦር፥ በመቱና በሁሩሙ በያዮም አካባቢ ስለሚገኘው ቡና የተደረገውን ምርምር ነው።

የአረቢካ ቡና ጥንተ መገኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። ከመቱ ተነሥቶ ወደ በደሌ የሚሄድ መንገደኛ ሁሩሙን አልፎ ያዮ ሲደርስ፥ በገባ ወንዝ ግራና ቀኝ ያለውን ደን ያገኛል፤ በዚያም ቡና ሰው ሳይተክለው በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ይህ ደን ከአካባቢው ጋር በ2010 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት መዝገብ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተጻፈ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ ከታች የምናነሣቸው የቡና ዛፎች ስም ራሱ በዚያ አቈጣጠር የወጣ ነውና።) ስፋቱ 167,021 ሄክታር ሲሆን፥ ያዮን፥ ሁሩሙን፥ ቢሎ ኖጳን፥ ዶረኒን፥ አልጌ ሳቺንና ጮራን፥ ስድስት ወረዳዎችን ይነካል። እንግዲህ ተመራማሪ ከቦንም ይምጣ ከለንደን፥ ከአዲስ አበባም ይምጣ ከጅማ፥ ዛፉ ወደ እርሱ አይሄድምና እርሱ ወደ ዛፉ መምጣት ግድ ሆኖበታል።

መቱ ከአዲስ አበባ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ይሁን እንጂ ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ እንደማይቈጠር የኢሉባቦር ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጎሬ ነጋዴ ቡናውን በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ያወርድ ነበር፤ ባሮ በሚሞላበት ክረምት መርከቦች እየጫኑ ወደ ካርቱም ይወስዱት ነበር። ጋምቤላም በ1902ቱ ውል መሠረት ለእንግሊዞች የንግድ ሥፍራ እንዲሆን ተፈቅዶ ነበር። በእነዚያ ጥቂት የክረምት ወራት ለጎሬ ቡና የሌላ መንግሥት ከተማ የሆነችው ካርቱም ከገዛ አገሩ ዋና ከተማ ይልቅ የቀረበች ነበረች፤ ወንዙ ሲጐድል ደግሞ እንደገና ትርቅ ነበር። ቅርብና ሩቅ የሚያደርገው መንገዱ፥ ወራቱና ውሉ አንድ ላይ ተባብረው መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። በምርምርም ነገር ሕጉ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ የተሳካውን ኅብረት እንመልከት። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። ይህ በሽታ ቀድሞ በ1922 በኬንያ የታወቀ ሲሆን፥ አረንጓዴውን ፍሬ በዛፉ ላይ እንዳለ የሚያጠቍርና የሚያደርቅ፥ በዝናብና በርጥበት ወራት የሚበረታ ሻጋታ ነው። የአገሩ ዋና የውጭ ንግድ ዕቃ በአደጋ ላይ ስለ ወደቀ፥ በጅማ መልኮ የሚገኘው የምርምር ጣቢያና ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የመጡ ባለሙያዎች በአንድነት ተሰለፉ። ሥራቸውም በአነጋገር ቀላል፥ በአፈጻጸም ግን ብርቱ ነበር። በሽታው ጎረቤቱን ሁሉ ሲፈጅ በመካከሉ ጤነኛ ሆኖ የቆመውን ዛፍ እየፈለጉ ምልክት አደረጉበት፤ ዘሩን ለቅመው ችግኝ አፈሉ፤ ችግኙንም በበሽታው እየፈተኑ ጽኑውን ከደካማው ለዩ።

ከእነዚያ ዛፎች ብዙዎቹ የተገኙት በኢሉባቦር፥ በመቱ አውራጃ፥ ቢሻሪ በምትባል መንደር ነው። ዛሬ በመላው አገር 74110 እና 74112 ተብለው የሚጠሩት ዝርያዎች ከዚያ የወጡ ናቸው። በቍጥሩ መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበትን የ1974ን ዓመት ያመለክታል። 74110 በ1979 ለገበሬ ተፈቀደ፤ ከተመረጠ አምስት ዓመት ብቻ ቈይቶ መሆኑ ነው። ለቡና፥ ከተተከለ ሦስትና አራት ዓመት ካልሆነው ፍሬ ለማይሰጥ ተክል፥ ይህ እጅግ ፈጣን ነው። ከድርጅቱ ባለሙያዎች አንዱ የነበሩት ሆላንዳዊው ቫን ደር ግራፍም የዚህን የመምረጥ ሥራ ዘዴ በ1981 በዋገኒንገን ለዶክትሬት ባቀረቡት መጽሐፍ አስታወቁ። ዛሬ በጌዴኦና በጉጂ ኰረብታ ላይ ቡና የሚለቅም ገበሬ፥ ብዙ ጊዜ ሳያውቀው፥ የቢሻሪን ልጅ ይለቅማል።

ይህ ሥራ የተፈጸመው ስልክ ባልበዛበት፥ መንገዱም በክረምት በጭቃ በሚዘጋበት ዘመን ነው። ርቀቱ ከዛሬው የባሰ ነበረ እንጂ ያነሰ አልነበረም። ታዲያ ስለ ምን ተሳካ? ሦስት ነገሮች ስለ ነበሩት ነው እንላለን። ጥያቄው አንድ ነበረ፤ ይኸውም ከበሽታው የሚተርፈው ዛፍ የትኛው ነው? የሚል ነው። ለጥያቄው መልስ እንዲሰጥ የሚጠየቀው ጣቢያ የታወቀ ነበረ። ከሁሉም በላይ ግን የሥራው ፍጻሜ መጽሐፍ ሳይሆን ለገበሬ የሚታደል ዘር ነበረና፥ ከኢሉባቦር የወጣው ወደ ገበሬው ተመልሶ ገባ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ የተለየ ነው። በ1964 እና በ1965 የዚያው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት መልእክተኞች በኢትዮጵያ እየተዘዋወሩ የቡና ዘር ሰበሰቡ፤ በ1966 ደግሞ የፈረንሳይ ሊቃውንት እንደዚሁ አደረጉ። ዘሩም በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ ጣቢያዎች ተተከለ፤ ከእነዚያም አንዱ በኮስታ ሪካ ያለው ነው። የማዳን ሥራ ነበረና በዚህ የሚነቀፍ የለም፤ ደን ሲጠፋ ዘሩ በሌላ ሥፍራ ተጠብቆ መገኘቱ ለሁሉ ይበጃል። ነገር ግን በ2004 በብራዚል የካምፒናስ የእርሻ ተቋም ሊቃውንት፥ ከኢትዮጵያ ከሄደ ዘር የበቀሉ 3,000 ያህል ዛፎችን መርምረው፥ ካፌይን የሌላቸው ለማለት የሚያስደፍሩ ሦስት ዛፎች ማግኘታቸውን ለዓለም አስታወቁ። ያን ጊዜ በአገራችን ታላቅ ጥያቄ ተነሣ፤ የዛፉ ባለቤት ማን ነው? ከጥቅሙስ ለተገኘበት አገር ምን ይደርሰዋል? የሚል።

ዘሩ በተወሰደበት ዘመን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሕግ አልነበረም። በ1992 የተፈረመው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት እያንዳንዱ መንግሥት በምድሩ ባለው ሀብት ላይ ሥልጣን እንዳለው አጸና። ኢትዮጵያም በ2006 በዐዋጅ ቍጥር 482 ስለ ዘረ መል ሀብትና ስለ ማኅበረ ሰብ ዕውቀት፥ ስለ ማኅበረ ሰብም መብት ደነገገች፤ ፈቃድ ሰጪውም ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው፥ በ1976 በጀርመን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው ቤት ሆነ። ከ1964 እስከ 2006 አርባ ሁለት ዓመት ነው። ዘሩ ባሕር የተሻገረው በጥቂት ቀን ሲሆን፥ ሥርዐቱ ተከትሎት ለመድረስ የአንድ ጐልማሳ ዕድሜ ፈጀ። ከዚህ የምንማረው፥ ዕቃ ለማውጣት የመንገድ ርቀት ብዙ አያግድም፤ የሚያግደው ጥቅሙን ለመመለስ ነው፤ ለመመለሻው መንገድ አስቀድሞ በውል ካልተሠራለት በኋላ መሥራት እጅግ አድካሚ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ የያዮ ደን ራሱ ነው። ዶክተር ታደሰ ወልደ ማርያም ጎሌ ስለዚሁ ደን ዕፀዋትና ስለ ጫካ ቡናው ጥበቃ በ2003 በጀርመን አገር በቦን ዩኒቨርሲቲ የጥናት መጽሐፍ አቀረቡ። ከ2002 እስከ 2009ም የቦን ሊቃውንት ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር በመተባበር በጫካ ቡና ላይ ሰፊ ምርምር አደረጉ፤ በዚያም ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ለዶክትሬት ማዕረግ በቁ። ደኑ በ2010 በዓለም መዝገብ ለመጻፍ የበቃው ይህን የመሰለ ምርምር ስለ ቀደመለት ነው። ኋላም የለንደኑ የኪው የዕፀዋት ተቋም ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ፥ የአየሩ ጠባይ መለወጥ በቡናችን ላይ የሚያመጣውን መርምሮ በ2017 አሳተመ። አስቀድሞ ጥንቃቄ ካልተደረገ፥ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከመቶ 39 እስከ 59 የሚሆነው በዚህ መቶ ዓመት ውስጥ ለቡና የማይስማማ ሊሆን ይችላል፤ ደን ቢጠበቅና የቡናው ሥፍራ ወደ ደጋው ቢሸጋገር ግን የሚስማማው መሬት በአራት እጥፍ ሊሰፋ ይችላል፤ አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር የውጭ ሰው ብቻውን ወይም የአገር ሰው ብቻውን ሊደርስበት ባልቻለም ነበር። አንዱ የሒሳቡን መሣሪያ፥ ሌላው የደኑን ዕውቀት አምጥተዋልና።

ከእነዚህ ሦስት ምሳሌዎች በኋላ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በዘመናችን ብዙ ሰው ስልክና ኢንተርኔት ርቀትን ስለ ሻሩ የምርምር ኅብረት ችግር ተወገደ ብሎ ያስባል። ይህ በግማሽ እውነት ነው። በአሜሪካ ከሚንግስና ኪስለር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት 62 የምርምር ማኅበሮችን መርምረው በ2005 ያሳተሙት ጥናት፥ ማኅበሩን የሚያደክመው የሙያ ልዩነት ከሚሆን ይልቅ የተቋማት መብዛት መሆኑን አሳየ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የተለያየ ሙያ ሰዎች ከሞላ ጐደል ይግባባሉ፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተበተኑት ግን ሥራቸውን ማቀናጀት እየከበዳቸው ፍሬያቸው ያንሳል። ያሻሻሉትም ፊት ለፊት መገናኘትንና የቅርብ ተቈጣጣሪን ያላጓደሉት ናቸው። መሣሪያውና ስልኩ በሞላበት አገር ይህ ከሆነ፥ በእኛ ዘንድ እንዴት አይሆን!

የመቱን ነገር በዚህ ዐይን እንመልከተው። መቱ ዩኒቨርሲቲ በ2011 ተቋቁሞ በበደሌም የግብርናና የደን ትምህርት ክፍል አለው፤ አለቃው የትምህርት ሚኒስቴር ነው። የቡናው ንዑስ የምርምር ጣቢያ የጅማ ማዕከል ክፍል ነው፤ የጅማው ማዕከልም ለኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ይታዘዛል። ደኑን የሚያስተዳድረው ድርጅት የክልሉ ነው። ለዘር የሚሰጠው ፈቃድ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ገበሬውን በየዕለቱ የሚያገኘው የልማት ሠራተኛ ደግሞ የወረዳው ነው። እንግዲህ በአንዲት ከተማ የሚኖሩ፥ በአንድ ገበያ የሚገበያዩ ሁለት ባለሙያዎች በሁሩሙ ገበሬ ማሳ ላይ በአንድነት ሊሠሩ ቢፈልጉ፥ የአንደኛው ወረቀት ወደ ጅማ፥ የሁለተኛው ወደ አዲስ አበባ፥ የሦስተኛው ወደ ክልሉ መሥሪያ ቤት መጓዝ ሊኖርበት ይችላል። መንገድ ተሻግሮ ለመነጋገር ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር መሄድ ማለት ይህ ነው።

ልዩነቱ በአለቃ ብቻ አይቆምም፤ በዘመን አቈጣጠርና በዋጋም አለ። የፍሬው በሽታ የሚቈጠረው ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ፥ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ነው። የመንግሥት በጀት ግን ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ሐምሌ 1 ቀን አዲስ ይከፈታል፤ መኪና፥ ነዳጅና የውሎ አበል የሚያስፈልግበት ሳምንት ሒሳብ የሚዘጋበት ሳምንት ይሆናል። ቡናው የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፥ ያ ጊዜ መምህሩ በማስተማር የተያዘበት ነው። የውጭው ረጂ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ለሦስት ዓመት ይሰጣል፤ ቡናው ግን በሦስት ዓመቱ ገና ማፍራት ይጀምራል። ዋጋውም እንደዚሁ ነው። የዩኒቨርሲቲው መምህር በታተመ ጽሑፍ ይሾማል፤ የምርምር ጣቢያው ሰው ለገበሬ በተፈቀደ ዝርያ ይመሰገናል፤ የረጂው ድርጅት ሰው በጊዜው ለቀረበ ሪፖርት ይመረቃል፤ ገበሬው ግን በጐተራው ብቻ ይመዝናል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ማሳ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ችኰላ እንደ ስስት፥ ሌላውም የፊተኛውን ዝግታ እንደ ስንፍና ቢቈጥረው አያስደንቅም። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሚዛናቸው የተለያየ ስለ ሆነ ነው።

የቋንቋም ነገር አለ። የሁሩሙ ገበሬ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ የምርምሩ መጽሐፍ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በአማርኛ ነው። ዛፉን ያሳየ ሰው ስለ ዛፉ የተጻፈውን ሊያነብ ካልቻለ፥ በሚቀጥለው ጊዜ ተመራማሪ ሲመጣ በሩን የሚከፍተው በእንግዳ ተቀባይነት እንጂ በእምነት አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች መድኀኒቱ ሁሉን ቤት አጥፎ አንድ ማድረግ ነው ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ለዚህም ከራሳችን ትምህርት ቤት የተሻለ ምስክር አይገኝም። በቤተ ክርስቲያናችን ዕውቀት በአንድ ደብር ብቻ አልተከማቸም። ድጓ የሚያስመሰክር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የሚማር ወደ ዙር አምባ፥ አቋቋም የሚሻ ወደ ጎንደር፥ ቅኔ የሚቀኝ ወደ ጎጃም ጉባኤ ቤቶች ይሄድ ነበር፤ ይሄዳልም። ቤቶቹ በብዙ ቀን መንገድ የተራራቁ፥ በዜማቸውና በአመላቸውም የተለያዩ ናቸው። ነገር ግን ተማሪው ያልተሟላ ትምህርት ይዞ «መምህር ነኝ» እንዳይል ማስመስከሪያ አለ፤ በአንዱ ቤት የተመሰከረለትም በሌላው ቤት ይከበራል። ልዩነቱ ዕውቀትን ጠበቀ፤ የጋራው ማስመስከሪያ ደግሞ ልዩነቱ መለያየት እንዳይሆን አደረገ። የዛሬ ተቋማትም የሚጐድላቸው አንድ ቤት መሆን ሳይሆን፥ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚቀበልበት የጋራ ማስመስከሪያ ነው።

ፊት ለፊት የመገናኘትን ጥቅም ደግሞ ከአባ ጎርጎርዮስ እንማራለን። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ይህን የመካነ ሥላሴ መነኵሴ በ1649 በሮም አገኛቸው፤ ከዚያም በደብዳቤ ይጠያየቁ ነበር። ሥራው የጸናው ግን በ1652 አባ ጎርጎርዮስ እስከ ጎታ ድረስ ተጕዘው ከሉዶልፍ ጋር ስለ ቋንቋችንና ስለ ታሪካችን በተቀመጡ ጊዜ ነው። መነኵሴው በ1658 በመርከብ አደጋ በባሕር ላይ ዐረፉ፤ የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በ1681፥ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱም በ1698 ታተሙ። ሉዶልፍ የመምህሩን ስምና ሥዕል በመጽሐፉ አኖረ እንጂ አልሸሸገም። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት አንድ የሩቅ አገር ሰው ያደረገውን፥ ዛሬ የደን ጠባቂውንና የዘር ለቃሚውን ሥራ በምስጋና መስመር እንኳ ለማይጽፍ ሰው ተግሣጽ ሊሆን ይገባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በእኛ አስተያየት የሚከተሉት ከሁሉ ይቀድማሉ። በመጀመሪያ፥ በአንድ ወረዳ የሚሠራ ማንኛውም የኅብረት ምርምር፥ ብዙ ፊርማ ያለበት ወረቀት ከመሆን አልፎ፥ በዚያው በሥፍራው የሚኖር አንድ ተጠያቂ ሰው ይኑረው፤ ይህ ሰው በትንንሹ ነገር ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ ሳይጽፍ የሚወስንበት ሥልጣን ይሰጠው። ሁለተኛ፥ የገንዘብ ሚኒስቴርና የምርምር ቤቶች ተመካክረው፥ ለክረምቱ የማሳ ቈጠራ የሚያስፈልገው ገንዘብ በሰኔ መዝጊያ እንዳይቋረጥ ያድርጉ። ሦስተኛ፥ የመምህሩ ሹመት ሲመረመር ለገበሬ የተሰጠ ዘር እንደ ታተመ ጽሑፍ፥ የምርምር ጣቢያው ሰው ሲመዘንም ያስተማረው ተማሪ እንደ ዝርያ ይቈጠርለት። አራተኛ፥ የጥናቱ ውጤት በሩቅ አገር ከመታተሙ ጋር በኦሮምኛና በአማርኛ ተጽፎ ለወረዳውና ለቀበሌው ይመለስ፤ ይህም በፈቃዱ ውል ውስጥ እንደ ግዴታ ይግባ። አምስተኛ፥ የአገሩ ተመራማሪ ጥያቄው ሲወጣ አብሮ ይጠይቅ፤ ጥያቄው ካለቀ በኋላ ቅጠል ለቅሞ እንዲልክ ብቻ አይጠራ።

ካህናትም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደሉም። በገጠሩ ሕዝብ የሚሰማቸው፥ የትኛው ዓመት ዝናቡ እንደ ዘገየ፥ የትኛውም ዓመት ፍሬው በዛፉ እንደ ጠቈረ የሚያስታውሱ እነርሱና የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። ተመራማሪው ለምን እንደ መጣ ለምእመናን ቢያስረዱ፥ ለተመራማሪውም የሕዝቡን ጥያቄ ቢያደርሱ፥ ማንም መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ሊሠራው የማይችለውን ድልድይ ይሠራሉ።

ይህ ሁሉ የሚነገረው ለሥርዐት ውበት ብቻ አይደለም። የ2017ቱ ጥናት ያመለከተው ጊዜ እየቀረበ ነው፤ በሽታ የሚቋቋመው፥ ድርቅና ሙቀት የሚችለው የነገ ዛፍ ምናልባት ዛሬ በያዮ ወይም በሁሩሙ ደን ውስጥ ማንም ሳያውቀው ቆሞ ይሆናል። በ1974 የቢሻሪን ዛፍ ያተረፈው፥ አንድ ሰው ከሥሩ ቆሞ ጤነኛነቱን ስላየና ያየውን የሚቀበል ቤት ስላገኘ ነው። ያን ጊዜ መንገዱ ጭቃ ነበረ፤ ዛሬ መንገዱ ከሞላ ጐደል ተሠርቶአል። የቀረው በመሥሪያ ቤትና በመሥሪያ ቤት መካከል ያለው መንገድ ነው፤ እርሱንም የሚሠሩት ይህን ጋዜጣ በእጃቸው የያዙት ሹማምንት ናቸው።